ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት

ባለ ዘይት ፍሪሲዮን በአንድ ርግጫ የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ቢለካ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ሁለት ቶን የሚያልፈው ላንድክሩዘር ዳገት ላይ ቆሞ አንደኛ ማርሽ የሚገባለት በዚችው ማንኪያ ዘይት ነው። ከእሷ ላይ ጥቂት ጠብታ ሲጎድል፣ ወይም በጎደለው ቦታ አየር ሲተካ፣ ማርሹ አልገባ ይላል። መኪናው ይቆማል፤ ዙሪያውን የከበበው ሰውም «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ብሎ ይፈርዳል። ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሹን ሳጥን፣ ማውረድና መልሶ መስቀል ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ የሚችል ከባድ ሥራ ነው። ጥፋተኛዋ ግን ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው ውጭ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ የተቀመጠች፣ የጣት ቀለበት የምታህል፣ ጎሚኒ የምትባል የጎማ ማሸጊያ ናት።

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ፍሪሲዮን ዕረፍት የለውም። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ሐይቅ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ብቻ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። ዋናው መንገድ በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልዲያ ሲዘልቅ አስፋልት ነው፤ ከእሱ እየተገነጠሉ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት ግን በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ናቸው። በቢስቲማ በኩል የሚሄደው ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ገደል ገደሉን ይጠማዘዛል፤ መስከረም 21 ቀን፣ ክረምቱ ገና በወጣበት ሰሞን፣ ለግሸን ማርያም በዓል መኪናው ተከታትሎ ሲወጣ ከፊት ያለው በቆመ ቁጥር ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ያን ጊዜ ብዙ ሾፌር መኪናውን በእጅ ፍሬን ይዞ ከመጠበቅ ይልቅ ፔዳሉን ግማሽ ረግጦ ዳገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። የደከመ ጎሚኒ የሚጋለጠው፣ የፍሪሲዮኑ ሸራም የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

የመካኒክ ሙያ ቋንቋ በአብዛኛው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ሞላ፣ ጎሚኒ ሁሉም የጣሊያንኛ ዘር አላቸው። እዚያው አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂ አለመግባባት ሳቢያ ፈርሶ እስከ ጦርነት አድርሷል። የመካኒኩ ጣሊያንኛ ግን ያለ ጠብ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። በመጽሐፍ ማስተር ሲሊንደር እየተባለ የሚጻፈው በዚህ ጽሑፍ የላይኛው ፖምፓ፣ ስሌቭ ሲሊንደር የሚባለው ደግሞ የታችኛው ፖምፓ ተብሏል።

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚለይ ክፍል ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ይባላል። ሁለት ፊቱን ሸራ የለበሰው ዲስክ በካምቢዮው ዘንግ ላይ ተሰክቶ በቮላኖውና ተጫኝ ሳህን በሚባለው ብረት መካከል ይገባል። የሳህኑ ጠንካራ ሞላ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ሦስቱ አንድ ላይ ይዞራሉ፣ የሞተሩም ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሹካ የሚባለው ብረት ኩሽኔታውን (ቤሪንጉን) ወደ ሞላው ይገፋል፤ ሳህኑ ይላቀቃል፣ ዲስኩ ነጻ ይሆናል፣ ማርሽ ይገባል።

እንግዲህ ፍሪሲዮን ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች አሉት። አንዱ አለመያዝ ነው፦ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ሌላው አለመልቀቅ ነው፦ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም ማርሽ ይፈጫል፣ በተለይ የኋላ ማርሽ እየጮኸ ይገባል፣ ወይም ጭራሽ አይገባም። አለመያዝ አብዛኛውን ጊዜ የሸራ፣ አለመልቀቅ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ጣጣ ነው። ይህን ሳይለዩ ቁልፍ ማንሳት ራሱን ለታመመ ሰው እግሩን እንደማሸት ነው።

የሾፌሩን እግር ከሹካው ጋር የሚያገናኘው ዘይት ነው። ፔዳሉ በገፊ ዘንግ አማካይነት የላይኛውን ፖምፓ ፒስተን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት በብረት ቱቦ፣ ከዚያም በጎማ ቱቦ አልፎ ከካምቢዮው ጎን የታሰረውን የታችኛውን ፖምፓ ፒስተን ይገፋል፤ እሱም ሹካውን ይገፋል። በ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮችና በአብዛኞቹ የቆዩ ፒክ አፖች ሥራው ይኸው ነው። ሥራው የሚጠይቀውን ልክ በምሳሌ ማስላት ይቻላል። የላይኛው ፒስተን ዲያሜትር 16 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የታችኛው በገጽ ስፋት ከላይኛው 1.56 እጥፍ ይሆናል። ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ርቀቱ ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ሲሄድ የታችኛው 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሄዳል። የተንቀሳቀሰው ዘይት 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የሻይ ማንኪያዋ ያለችው እዚህ ላይ ነው። በውስጡ 1 ሚሊ ሊትር አየር ተደብቆ ፔዳሉ ሲረገጥ ቢታመቅ ከ16ቱ ሚሊ ሜትር 3ቱ ያህል ይጠፋሉ። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ሾፌሩ አየሩን በሚያምቅበት ልክ ሹካው ሳይነቃነቅ ይቀራል።

ከላይኛው ፖምፓ ጋር በተገናኘው የዘይት ቋት ውስጥ የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ በቆርቆሮው ላይ ይጻፋል። ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ በዓይነቱ ከሞተር ዘይት የተለየ ነው፤ ውሃም ከአየር ላይ ስቦ ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ 205፣ ዶት 4 ደግሞ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባባቸው ልኩ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ለፍሪሲዮን ግን ከመፍላቱ የከፋው ዝገቱ ነው። ውሃ የጠጣ ዘይት የፖምፓውን ውስጠኛ ግድግዳ ይበሳሳል፤ የተበሳሳ ግድግዳ ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ዘይቱን መለወጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። በተግባር ግን የፍሪሲዮን ዘይት መኪናው ካልቆመ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

በገጠር መንገድ ዘይት ሲጎድል ያገኙትን የመጨመር ፈተና አለ። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ናፍጣ ወደ ቋቱ ከገባ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ያብጣሉ፤ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ፖምፓዎችና የጎማ ቱቦውን ለውጦ የብረት ቱቦውን ማጠብ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ትርፍ የፍሬን ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ ከመቀመጫ ሥር መያዝም ሁለት ጉዳት አለው፦ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፤ መልኩ ደግሞ ቀጭን ሻይ ስለሚመስል የሚጠጣ ነገር ነው ብሎ የሚያነሳው ሰው አይጠፋም። መርዝ ነው። የመኪናውንም ቀለም ይልጣል፤ የፈሰሰበት ቦታ ቶሎ በውሃ ሊታጠብ ይገባል።

ምርመራው ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መጀመሪያ ቋቱ ይታያል። ዘይቱ ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል ማለት ነው፤ ሞልቶ መንዳት ምርመራውን ለነገ ማሳደር ብቻ ነው። ዘይቱ ጥቁር ከሆነ ጎሚኒ እየተፈጨ ነው። ቀጥሎ ከሾፌሩ እግር በላይ፣ ገፊው ዘንግ ከግድግዳው የሚወጣበት ቦታ በጣት ይዳሰሳል፤ እርጥብ ከሆነ ወይም ምንጣፉ ሥር ቀለሙ ከተላጠ የላይኛው ፖምፓ ወደ መኪናው ውስጥ ያፈሳል። ከዚያ ከመኪናው ሥር ተገብቶ የታችኛው ፖምፓ የላስቲክ ቆብ ጫፉ ገለጥ ይደረጋል። ከውስጡ ዘይት ከወረደ ተገኘ። ቆቡ ራሱ ተቀዶ ከሆነ ምክንያቱም ጭምር ተገኘ፤ ወንዝ ሲሻገሩ የገባው ጭቃ ነው ጎሚኒውን የበላው።

ፔዳሉ ራሱም ይናገራል፣ የሚሰማው ካለ። እንደ ስፖንጅ ልል ሆኖ ደጋግሞ ሲረገጥ የሚጠነክር ፔዳል አየር አለበት። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ብቻውን ወደ ወለሉ የሚሰምጥ፣ ከውጭ ግን ምንም የማያፈስ ፔዳል የላይኛውን ፖምፓ ይከሳል፤ ዘይቱ በደከመው ጎሚኒ ጎን እየሾለከ ወደ ቋቱ ይመለሳል እንጂ የትም አይፈስም። ይህ ጥፋት ብዙዎችን ያታልላል፤ ቋቱ ሙሉ፣ ከሥርም ደረቅ ስለሆነ «ዘይቱ ጤና ነው» ይባልና ካምቢዮ ይወርዳል። ወርዶ የቀረ፣ የማይመለስ ፔዳል ደግሞ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል ወይም ገፊው ዘንግ ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው።

ፔዳሉ የሚንቀሳቀስበት ሞላላ የሆነ የፒን ቀዳዳ፣ የተሰነጠቀ የፔዳል መያዣ ወይም ሲረገጥ አብሮ የሚተጣጠፍ የብረት ግድግዳም ከላይኛው ፒስተን 25 ሚሊ ሜትር ላይ ይሰርቃሉ። ብዙ ጭቃና ድንጋይ ያየ የፊልድ መኪና ላይ ይህን በዓይን አለማየት ስንፍና ነው።

ከሁሉ ፈተና የሚበልጠው አንድ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ በእጅ ፍሬን ተይዞ ሞተሩ ይነሳል፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ አምስት ሰኮንድ ያህል ከተቆየ በኋላ የኋላ ማርሽ ይሞከራል። ከፈጨ፣ ፔዳሉ ሦስት አራት ጊዜ ተከታትሎ ይረገጥና መጨረሻ ላይ እንደተያዘ እንደገና ይሞከራል። አሁን ያለ ድምፅ ከገባ ጥፋቱ ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ካምቢዮው አይነካም። ለውጥ ከሌለው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ታግተው፣ አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የታችኛው ዘንግ ምን ያህል እንደሚወጣ በማስመሪያ ይለካል። በብዙ መኪኖች ልኩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የየመኪናው መመሪያ ግን ይቅደም። ዘንጉ ልኩን ሞልቶ እየወጣ ማርሽ አሁንም ከፈጨ የዘይቱ ክፍል ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ሹካው፣ ሳህኑ ወይም በቮላኖው እምብርት ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ዘንድ ነው። ይህች ኩሽኔታ ስትነክስ ዲስኩ ተለቅቆም የካምቢዮውን ዘንግ ታዞራለች።

ዘይት አለመያዝን የሚያመጣበት አንድ ያልተለመደ መንገድ አለ፤ ብዙ ደህና ሸራ በከንቱ የተጣለው በእሱ ይመስላል። በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ከቋቱ ጋር የምታገናኝ፣ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ተመልሶ ይህችን ቀዳዳ ሊከፍታት ይገባል። ገፊው ዘንግ ያለ ልክ ከተረዘመ ፒስተኑ አይመለስም፤ ቀዳዳዋ ተደፍና ትቀራለች። የግሸንን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፣ የተዘጋበት ዘይት በሙቀት ያብጣል፣ መመለሻም ስለሌለው ሹካውን ይገፋል። ልክ ሾፌሩ ሳያውቀው ሌላ እግር ፔዳሉ ላይ እንዳረፈ ነው። ጠዋት በብርድ ደህና የነበረ ፍሪሲዮን ቀትር ላይ ዳገት ሲወጣ መንሸራተት ይጀምራል፤ አድሮ ሲበርድ ይድናል። ምርመራው ቀላል ነው፦ እየተንሸራተተ ሳለ መኪናው ቆሞ የታችኛው ፖምፓ የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ይላላል። ዘይቱ በኃይል ፊጭ ብሎ መንሸራተቱ ከቆመ ሸራው አላለቀም። ማስተካከያውም የፔዳሉን ነጻ ርግጫ መመለስ ነው፤ በቶዮታዎች ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲለካ አጠቃላዩ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ የገፊው ዘንግ ብቻ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ የተላጠ ያረጀ የጎማ ቱቦም ዘይቱን አሳልፎ መመለሻ ስለሚነሳው ይህንኑ በሽታ ያስመስላል፤ ከውጭ ደህና ሲመስል ከውስጥ ይደፈናል። ሲረገጥ የሚያብጥ ቱቦ ደግሞ በተቃራኒው ርግጫውን ይበላል። ዕድሜው ያልታወቀ የጎማ ቱቦ ሌላው ሲጠገን አብሮ ቢለወጥ አያስቆጭም።

ወደ ጥገናው ሲመጣ፣ ጎሚኒ ብቻ ለውጦ መገጣጠም የሚያዋጣው የፖምፓው ውስጥ እንደ መስታወት ለስላሳ ሲሆን ነው። ፖምፓው ተፈትቶ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይታጠባል፤ በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብ የለበትም፣ አዲሱን ጎሚኒ ይገድለዋል። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲሱ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም፤ ሙሉው ፖምፓ ይለወጥ። ጎሚኒው ሲገባ ከንፈሩ ዘይቱ ወዳለበት ወገን መዞር አለበት፤ ተገልብጦ የገባ ጎሚኒ ከመጀመሪያው ርግጫ ጀምሮ አይዝም። ከሁለቱ ፖምፓዎች አንዱ ደክሞ ከተገኘ ሌላውም በዕድሜ እኩያው ስለሆነ አብሮ ቢታይ ይሻላል። አዲስ ጎሚኒ የገባለት የላይኛው ፖምፓ ግፊቱን ሲመልስ ደካማው የታችኛው ማፍሰስ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አየር ማውጣት ሁለት ሰውና ትዕግሥት ይፈልጋል። ቋቱ በአዲስ ዘይት ይሞላል። በታችኛው ፖምፓ ብሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ይሰካና ጫፉ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ይረግጥና «ያዝኩ» ይላል፤ ከሥር ያለው ብሎኑን ከፍቶ አረፋው ሲወጣ ይዘጋና «ልቀቅ» ይላል። ብሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ሥራው ሁሉ በዜሮ ይባዛል። ቋቱ ትንሽ ስለሆነ በየጥቂት ርግጫው መታየት አለበት፤ አንዴ ከደረቀ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታትም አይረዳም፤ አንዱን ትልቅ አረፋ መቶ ጥቃቅን አረፋ ያደርገዋል።

አየር ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ወደ ታች ውረድ ይባላል። ስለዚህ እንቢ ሲል ባሕርዩን መከተል ይሻላል። የታችኛው ፖምፓ ከካምቢዮው ላይ ተፈትቶ፣ ቱቦው ሳይነካ፣ ዘንጉ በእጅ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ሲገፋ አረፋው ወደ ቋቱ ሽቅብ ይወጣል። አዲስ የፋርማሲ ሲሪንጅ ካለም ንጹሕ ዘይት ከታችኛው ብሎን ወደ ላይ በቀስታ መግፋት ይቻላል፤ ቋቱ ሞልቶ እንዳይፈስ አስቀድሞ ጎደል ይደረጋል። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን የታገለበትን አየር ይህ ዘዴ በደቂቃዎች ሲያወጣው ይታያል።

ጥፋቱ ከቢስቲማ በታች፣ ጋራዥ በሌለበት ቢደርስስ? ዘይቱ በሙሉ የፈሰሰ መኪና እንኳ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ አራቱንም ጎማ የሚጎትተው ዝቅተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎም አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ማስነሻው ሞተሩንና መኪናውን አንድ ላይ ይዞ ይነሳል። ፔዳል ካልተረገጠ እንዳይነሳ የሚከለክል ስዊች ባለው መኪና ፔዳሉን እየረገጡ ማስነሳት ነው። ሲነሳ መኪናው ወዲያው መሄድ ስለሚጀምር ከፊቱ ሰው መኖር የለበትም፤ ለመቆምም ማርሹን አውጥቶ በፍሬን መያዝ ነው። ይህ ለሜዳና ለቀላል ዳገት ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ወጥቶ አልመለስ ቢል መኪናው በፍሬን ብቻ ስለሚቀር፣ ገደል ባለበት መንገድ መጎተቻ መጠበቁ ይመረጣል።

አንዳንድ አዳዲስ ፒክ አፖች የታችኛው ፖምፓቸው ከካምቢዮው ውስጥ፣ በዘንጉ ዙሪያ ተገጥሟል። በእነሱ ላይ የጎሚኒ ማፍሰስ እንኳ ካምቢዮ ያስወርዳል፤ ለከተማ ካልሆነ ለአምባሰል ዓይነት መንገድ ጥሩ አሠራር አይደለም።

ምርመራው አልቆ ካምቢዮው መውረድ ካለበት ዲስኩ፣ ተጫኙ ሳህን፣ ኩሽኔታውና የቮላኖው ትንሽ ኩሽኔታ አብረው ይለወጣሉ፤ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲልም ያፈስ እንደሆነ ይታያል፤ ዘይት የነካው ሸራ አዲስም ቢሆን ይንሸራተታልና። የታችኛው ፖምፓ ቱቦው ሳይፈታ በሽቦ ወደ ጎን ከታሰረ፣ በኋላ አየር ማውጣት አያስፈልግም። ካምቢዮው መሬት ላይ እስካለ ድረስ ግን ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጠው፤ የታችኛው ፒስተን ተፈናጥሮ ይወጣል፣ የሻይ ማንኪያዋ ዘይትም መሬት ላይ ይፈሳል።